ሎካል ስቶሬጅ የሚነካ ኮድ ያለ ብራውዘር እንዴት ይሞከራል?

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ የዱቤ መዝገቡን ከደብተር ወደ ስልክ አዛወረ እንበል። ባለሱቁ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ሊትር ዘይት በዱቤ ሲሰጥ ስልኩ ላይ ይመዘግባል። ኔትወርክ ቢጠፋም ሒሳቡ መቆየት ስላለበት ኮዱ ሁሉንም በብራውዘሩ ሎካል ስቶሬጅ (ብራውዘሩ በስልኩ ላይ መረጃ የሚይዝበት ማከማቻ) ውስጥ ያስቀምጣል፤ መስመር ሲመለስ ወደ ሰርቨር ይልካል። ይህ ኮድ ቢሳሳት የሚጠፋው የሰው ብር ነው። ስለዚህ ኮዱ በተነካ ቁጥር መፈተሽ አለበት። ብራውዘር ሳይከፈት በጥቂት ሰከንድ የማያልቅ ቴስት ከሆነ ግን ደጋግሞ የሚያስኬደው አይገኝም።

ቴስቱን ከ25 በቀደመ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ ስታስኬዱ መጀመሪያ የምታገኙት ሎካል ስቶሬጅ የሚባል ነገር የለም የሚል ሪፈረንስ ኤረር ነው። አብዛኛው ሰው በምትኩ ሁለት ፋንክሽን ብቻ ያለው ኦብጀክት ሠርቶ ያልፈዋል፤ ቴስቱም አረንጓዴ ይሆናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ምትኩ ማከማቻ ከእውነተኛው ይልቅ ቸር ከሆነ፣ ማለትም የሰጡትን ሁሉ እንዳለ ተቀብሎ እንዳለ ከመለሰ፣ ቴስቱ ያልፍና ስህተቱ ባለሱቁ እጅ ላይ ይወጣል። ምትኩ እንደ እውነተኛው ግትር መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚሁ ነው።

እውነተኛው ምን ያደርጋል?

ሎካል ስቶሬጅ አምስት ሜተድና አንድ ቆጣሪ አለው፦ ሴት አይተም፣ ጌት አይተም፣ ሪሙቭ አይተም፣ ክሊር፣ ኪይ እና ሌንግዝ። ቁልፉም እሴቱም ሁልጊዜ ስትሪንግ ናቸው። ቁጥር ብትሰጡት ወደ ስትሪንግ ይቀይረዋል፤ ኦብጀክት ብትሰጡት «ኦብጀክት ኦብጀክት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በካሬ ቅንፍ ያስቀምጣል፣ ውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ነል (ምንም አለመኖርን የሚገልጽ እሴት) ብትሰጡት በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ያለው «ነል» የሚል ቃል ሆኖ ይቀመጣል። የሌለ ቁልፍ ስትጠይቁ የሚመለሰው ነል ነው፣ አንዲፋይንድ አይደለም። የሌለ ቁልፍ ማጥፋት ስህተት አይደለም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ኪይ ከቁጥሩ በላይ ሲጠየቅ ነል ይመልሳል።

የስትሪንጉን ጉዳይ ጠጋ ብለን እንየው። የአንድ ደንበኛ ዕዳ 250 ብር ነው፣ ቁጥሩ በቀጥታ ተቀመጠ። ደንበኛው የ80 ብር ዕቃ ጨመረ። ኮዱ የተቀመጠውን አንብቦ 80 ሲደምር የሚያገኘው 330 ሳይሆን «25080» ነው፤ የተነበበው ስትሪንግ ስለሆነ ጃቫስክሪፕት ሁለቱን ቀጠላቸው። ይባስ ብሎ ደንበኛው 80 ብር ቢከፍል መቀነሱ በትክክል ይሠራል፣ 170 ይወጣል፤ የመቀነስ ምልክት ስትሪንጉን ወደ ቁጥር ይመልሰዋልና። ክፍያን ብቻ የሚፈትን ሰው ስህተቱን በጭራሽ አያየውም። ቸሩ ምትክ ደግሞ 250ን ቁጥር አድርጎ ስለሚመልስ መደመሩንም ያሳልፈዋል።

ኮዱን ማዘጋጀት

ምትኩን ከመጻፍ በፊት ኮዱ ማከማቻውን የሚጠራበትን ቦታ ሰብስቡ። በሃያ ፋይል ተበታትኖ ሎካል ስቶሬጅን በቀጥታ የሚጠራ ኮድ ለመፈተሽም ለመጠገንም ያስቸግራል። አንድ ትንሽ ሞጁል ጻፉ፤ «የዱቤ መዝገብ ክፈት» የሚል ፋንክሽን ይኑረው፣ ማከማቻውንም በፓራሜትር ይቀበል። በሥራ ላይ ስትሆኑ እውነተኛውን ሎካል ስቶሬጅ ትሰጡታላችሁ፣ በቴስት ጊዜ ምትኩን። ግሎባል ነገር መለወጥ አያስፈልግም፣ ቴስቶችም እርስ በርስ አይነካኩም። አዲስ ኮድ የምትጀምሩ ከሆነ ሌላ መንገድ አትፈልጉ፤ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው።

የቆየ ኮድ ከሆነና መንካት ካልተቻለ ምትኩን ግሎባል ላይ ማስቀመጥ ግድ ይላል፤ እዚያ እንደርሳለን።

ምትኩን መጻፍ

አንድ ክላስ ክፈቱና ውስጡ ማፕ (ቁልፍና እሴት አጣምሮ የሚይዝ የጃቫስክሪፕት ዓይነት) አስቀምጡ። ተራ ኦብጀክት አትጠቀሙ፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተራ ኦብጀክት ከፕሮቶታይፑ የወረሳቸው ስሞች አሉት፤ «ኮንስትራክተር» ወይም «ቱ ስትሪንግ» የሚሉትን ቁልፎች ስትጠይቁት ነል በመመለስ ፈንታ ፋንክሽን ያወጣል። ሁለተኛ፣ ቁልፎቹ ሙሉ ቁጥር የሚመስሉ ከሆኑ ተራ ኦብጀክት ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድራቸዋል፤ ማፕ ግን በገቡበት ቅደም ተከተል ይይዛቸዋል። ያም ሆኖ ብራውዘሮች ስለ ቁልፍ ቅደም ተከተል ቃል ስለማይገቡ ኮዳችሁ በቅደም ተከተል ላይ አይደገፍ።

ሴት አይተም ሲጠራ ሦስት ነገር ይሥራ፦ ቁልፉን ወደ ስትሪንግ ይቀይር፣ እሴቱን ወደ ስትሪንግ ይቀይር፣ ማፑ ውስጥ ያስገባ። ቁልፉን መቀየር አትዝለሉ። ማፕ 7 የሚለውን ቁጥርና «7» የሚለውን ስትሪንግ እንደ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ነው የሚያያቸው፤ እውነተኛው ማከማቻ ግን አንድ ያደርጋቸዋል። ሴት አይተም በአንድ ነገር ብቻ ከተጠራ ታይፕ ኤረር ይወርውር፣ እውነተኛውም እንዲሁ ያደርጋልና።

ጌት አይተም ቁልፉን ወደ ስትሪንግ ቀይሮ ማፑ ውስጥ መኖሩን ይጠይቅ፤ ካለ ይመልስ፣ ከሌለ ነል። እዚህ ላይ «ካልተገኘ ወይም ባዶ ከሆነ ነል» ብሎ ባጭሩ የመጻፍ ፈተና አለ። አትጻፉት፤ ባዶ ስትሪንግ ሕጋዊ እሴት ነው፣ ወደ ነል ከተለወጠ ምትኩ ዋሸ ማለት ነው። ሪሙቭ አይተምና ክሊር ቀላል ናቸው። ሌንግዝ ጌተር ይሁን፣ በተጠራ ቁጥር የማፑን መጠን ይመልስ፤ ተራ ቁጥር ካደረጋችሁት ዜሮ ላይ ይቀራል። ኪይ የማፑን ቁልፎች በየጥሪው አዲስ ዝርዝር አውጥቶ የተጠየቀውን ተራ ይስጥ።

ኪይ ትክክል መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት፣ ዕዳቸውን የጨረሱ ደንበኞችን የሚያጠፋ ኮድ አስቡ። ከዜሮ ጀምሮ ወደ ላይ እየቆጠረ ያገኘውን ያጠፋል። ሁለተኛውን ሲያጠፋ ሦስተኛው ወደ ሁለተኛ ቦታ ይወርዳል፣ ቆጣሪው ግን ወደ ሦስት ያልፋል፤ አንድ ደንበኛ ተዘለለ። ሦስት የተከፈሉ መዝገቦችን ተከታትለው አስገቡና «ከጽዳት በኋላ የቀረው ዜሮ ነው» ብላችሁ ፈትኑ፤ ወደ ላይ የሚቆጥር ኮድ አንድ ያስቀራል። መድኃኒቱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያ መቁጠር ወይም ቁልፎቹን አስቀድሞ ወደ ዝርዝር መገልበጥ ነው።

እውነተኛው ማከማቻ ቁልፉ በነጥብ ተጠርቶ እንደ ተራ ንብረት እንዲነበብ ይፈቅዳል፤ ይህ ምትክ አይፈቅድም። ይህን ለማስመሰል ፕሮክሲ ከመጻፍ ኮዱን ወደ ሜተዶቹ መመለስ ይሻላል።

ግሎባል ላይ ማስቀመጥና ማንሳት

ለቆየው ኮድ የሚከተለውን አድርጉ።

1. ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት በሚሄደው «ቢፎር ኢች» ውስጥ ግሎባሉ ላይ ሎካል ስቶሬጅ የሚባል ንብረት አስቀድሞ ካለ መግለጫውን (ፕሮፐርቲ ዲስክሪፕተሩን) አውጥታችሁ ያዙ።

2. አዲስ ምትክ ፍጠሩና በ«ዲፋይን ፕሮፐርቲ» አስቀምጡት፤ «ኮንፊገረብል» እና «ራይተብል» ሁለቱም እውነት ይሁኑ። በእኩል ምልክት ብቻ አትመድቡ። ኖድ ከ22.4 ጀምሮ የራሱን ሎካል ስቶሬጅ በሙከራ አማራጭነት ይዟል፣ በ25 ደግሞ ሳይጠየቅ ይከፍተዋል። ስለዚህ በባልደረባችሁ ማሽን ላይ የሌለው ግሎባል በእናንተ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ቴስቱም ሳታውቁት ሌላ ማከማቻ ላይ ይሠራል።

3. «አፍተር ኢች» ውስጥ የያዛችሁትን መግለጫ መልሱ፤ ካልነበረ ንብረቱን አጥፉት።

ሰሽን ስቶሬጅም (ታቡ ሲዘጋ የሚጠፋው ማከማቻ) ካለ የራሱን ሁለተኛ ምትክ ስጡት። አንዱን ለሁለቱ መስጠት በብራውዘር የማይገናኙ ሁለት ማከማቻዎችን ያቀላቅላል።

በዚህ ክፍል ብዙ ሰዓት የሚበላው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ሞጁል በፋይሉ አናት ላይ፣ ከፋንክሽን ውጭ፣ ሎካል ስቶሬጅን ካነበበ ንባቡ የሚካሄደው ሞጁሉ ኢምፖርት በተደረገበት ቅጽበት ነው። ኢምፖርት መስመሮች ደግሞ በፋይሉ ውስጥ የትም ቢጻፉ ከሌላው ኮድ ሁሉ ቀድመው ይሄዳሉ። ቢፎር ኢች ውስጥ ያስቀመጣችሁት ምትክ ያኔ ገና አልተወለደም። ሁለት መውጫ አለ፦ ምትኩን ለብቻው ፋይል አድርጎ ቴስቱ ከመጀመሩ በፊት ማስጫን፣ በጄስት (የቴስት ማስኬጃ መሣሪያ) «ሴትአፕ ፋይልስ» በሚለው ዝርዝር፣ በኖድ ደግሞ በ«ኢምፖርት» አማራጭ፤ ወይም የሚፈተሸውን ሞጁል ምትኩ ከተቀመጠ በኋላ በዳይናሚክ ኢምፖርት መጥራት።

ሲሞላና ሲከለከል

ቸር ምትክ ከሁሉ በላይ የሚያታልለው እዚህ ነው። ብራውዘሮች ለአንድ ኦሪጅን (ፕሮቶኮል፣ አድራሻና ፖርት አንድ ላይ) የሚሰጡት ቦታ ወደ 5 ሜጋባይት ይጠጋል፣ አቆጣጠሩ ከብራውዘር ብራውዘር ይለያያል። ሲሞላ ሴት አይተም «ኮታ ኤክሲድድ» የሚባለውን ኤረር ይወረውራል። ማከማቻውን ተጠቃሚው በሴቲንግ ከከለከለው ደግሞ ገና ሎካል ስቶሬጅ የሚለውን ስም ስትነኩ «ሴኪዩሪቲ ኤረር» ይመጣል፤ ጌት አይተም እስክትጠሩ አይጠብቅም። ትራይ ካቹ ስሙ የተጠራበትን መስመርም ማቀፍ አለበት።

ምትኩ ክላስ ሲፈጠር የመጠን ገደብ እንዲቀበል አድርጉ። አምስት ሚሊዮን ፊደል መሙላት አያስፈልግም፤ ገደቡን 200 አድርጋችሁ ቴስቱን አጭር አድርጉ። ሴት አይተም ሲጠራ የሁሉንም ቁልፎችና እሴቶች ርዝመት ይደምር፣ በዚያው ቁልፍ ሥር የነበረውን አሮጌ እሴት ይቀንስ፣ አዲሱን ይጨምር፤ ከገደቡ ካለፈ ስሙ ከእውነተኛው ጋር አንድ የሆነ ኤረር ይወርውር። ሲወረውር አሮጌውን እሴት እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ በእውነተኛው ላይ ያልተሳካ ጽሑፍ የቀደመውን አያጠፋም።

ከዚህም የሚጠቅመው «በስንተኛው ጽሑፍ ላይ ውደቅ» የሚል ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ነው። የዱቤ ኮዱ አንድ ሽያጭ ሲመዘግብ ሁለት ጊዜ ይጽፋል እንበል፦ አንዱ «ዱቤ:417» ሥር ቀሪ ሒሳቡን፣ ሌላው «ሰልፍ» ሥር ወደ ሰርቨር ያልተላከውን። የመጀመሪያው ተሳክቶ ሁለተኛው ከወደቀ ስልኩ ላይ ዕዳው 330 ይላል፣ ሰርቨሩ ግን ስለ 80 ብሩ ፈጽሞ አይሰማም። ምትኩን በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ጥላችሁ «ዱቤ:417» አሁንም 250 እንደሆነ ፈትኑ። ካልሆነ ወይ ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ሥር አንድ ላይ ጻፉ፣ ወይ ሁለተኛው ሲወድቅ የመጀመሪያውን ወደነበረበት መልሱ። በሥራ ላይ ይህ የሚደርሰው ባለሱቁ ለወራት ከተጠቀመበት በኋላ ስለሆነ፣ በእጅ ተፈትኖ የሚያዝ ስህተት አይደለም።

የኛ ፊደልና ቁልፎች

የውጭ መመሪያዎች ይህን አያነሡትም፣ ለኛ ግን ዋና ጉዳይ ነው። የደንበኛ ስም የማከማቻ ቁልፍ ከሆነ «ሐሰን» እና «ሀሰን» ሁለት ሰው ናቸው። ጠዋት ባለሱቁ በአንዱ ፊደል ከመዘገበ፣ ከሰዓት ልጁ በሌላው ከመዘገበ፣ ዕዳው ለሁለት ይከፈላል፤ ማንም አይሳሳትም፣ ማንም አያየውም። «ፀሐይ»ን ብቻ ብትወስዱ ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ተቀያይረው አራት አጻጻፍ ይወጣሉ። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን እነዚህን አያዋህድም፤ በዩኒኮድ ዘንድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ቁልፉ የደንበኛ ቁጥር ይሁን፣ ስሙ እሴቱ ውስጥ ይቀመጥ። ስም ሲፈለግ ደግሞ የሚያቀራርብ ፋንክሽን ይኑር፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሁሉም በየሆሄው። አምስት ቤት በሰባት ሆሄ 35 ፊደል ነው። ሃ እና ኣ እንዲሁ ከሀ እና ከአ ጋር ይዋሐዱ፣ ባነባበብ አንድ ናቸውና፤ ሓ፣ ኃ እና ዓም አብረው ወደዚያው ይሂዱ። በቴስቱ አራቱንም የፀሐይ አጻጻፍ አስገቡና አንድ ደንበኛ መመለሱን አረጋግጡ። ከስሙ ኋላ የቀረ ባዶ ቦታንና በሁለት ነጥብ የተለየ ስምንም ጨምሩ።

መጠን ላይም ልብ በሉ። «ድሬዳዋ» በጃቫስክሪፕት ርዝመቷ 4 ነው፣ ወደ ሰርቨር በዩቲኤፍ-8 ስትላክ ግን 12 ባይት ትሆናለች። የምትኩን ገደብ በስትሪንግ ርዝመት ከቆጠራችሁ የሚላከውን መጠን በዚያው አትገምቱ።

ጄሰን ያለፈበት ቀን

ብዙ መረጃ ያለው እሴት በጄሰን (ኦብጀክትን ወደ ስትሪንግ በሚቀይረው አጻጻፍ) ስለሚቀመጥ ቀን የገባው ዴት ሆኖ አይመለስም፤ ስትሪንግ ሆኖ ነው የሚመለሰው፣ ያውም በዓለም አቀፉ ሰዓት። የኛ ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። በረመዳን ሱቆች አምሽተው ይሠራሉ፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ የተመዘገበ ሽያጭ በተቀመጠው ስትሪንግ ላይ የቀደመውን ቀን ይዞ ይገኛል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ያለው ጊዜ ሁሉ እንዲሁ ነው። አንድ ቴስት ለከሌሊቱ 7 ተኩል፣ አንድ ለከሌሊቱ 9 ተኩል ጻፉ፤ የቴስቱንም የሰዓት ቀጣና አዲስ አበባ ብላችሁ ቁረጡት፣ አለበለዚያ በእናንተ ላፕቶፕ የሚያልፈው ሰርቨር ላይ ይወድቃል።

ጄስትና ጄኤስዶም ከሆናችሁ

ጄኤስዶም (ኖድ ውስጥ ብራውዘርን የሚያስመስል ላይብረሪ) የራሱ ሎካል ስቶሬጅ አለው፣ ስትሪንግ መለወጡንና ኮታውንም ይጠብቃል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የራስ ምትክ አያስፈልግም። ሦስት ወጥመድ ግን አለ። ጄስት ከ27 ጀምሮ ነባሪ አካባቢው ኖድ ነው፣ ከ28 ጀምሮ ደግሞ የጄኤስዶም አካባቢ ለብቻው ይጫናል። ጄኤስዶምን ያለ ጄስት በቀጥታ የምትጠቀሙ ከሆነ አድራሻ ስጡት፤ ያለ አድራሻ ሎካል ስቶሬጁን ስትነኩ ሴኪዩሪቲ ኤረር ይወረውራል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነው፦ ሴት አይተም ተጠርቶ እንደሆነ ለማየት ስፓዩን (ጥሪዎችን የሚመዘግብ የቴስት ፋንክሽን) በሎካል ስቶሬጅ ኦብጀክት ላይ ካደረጋችሁት አይሠራም። ስፓዩ «ሴት አይተም» በሚል ቁልፍ ሥር እንደ ዕቃ ይቀመጣል እንጂ ሜተዱን አይተካም። ስፓዩን «ስቶሬጅ» በሚባለው ክላስ ፕሮቶታይፕ ላይ አድርጉት፣ ከቴስቱ በኋላም መልሱት። በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉ ቴስቶች አንድ ማከማቻ ስለሚጋሩ ቢፎር ኢች ውስጥ ክሊር ጥሩ።

ሁለት ታብ

አንድ ምትክ ለሁለት «የዱቤ መዝገብ» ከሰጣችሁ በአንድ ስልክ ላይ የተከፈቱ ሁለት ታቦችን አስመሰላችሁ። ሁለቱም 250 ያንብቡ፤ አንዱ 80 ደምሮ 330 ይጻፍ፣ ሌላው 50 ደምሮ 300 ይጻፍ። መሆን የነበረበት 380 ነው፣ የቀረው ግን 300፤ 80 ብር ጠፋ። ንባቡና ጽሑፉ በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ተከታትለው ካለቁና በመካከላቸው መጠበቂያ ከሌለ አደጋው በጣም ይቀንሳል፤ በመካከል ከሰርቨር መልስ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ከመጻፉ በፊት እንደገና ይነበብ። የስቶሬጅ ኢቨንት የሚደርሰው ለውጡን ላደረገው ታብ ሳይሆን ለሌሎቹ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምትኩ ኢቨንቱን በራሱ ወደ ጸሐፊው እንዳይመልስ፣ ቴስቱ ራሱ ቁልፉን፣ አሮጌውንና አዲሱን እሴት ሰጥቶ ይላከው። ክሊር ሲደረግ ቁልፉ ነል ሆኖ እንደሚመጣም አትርሱ፤ ቁልፉን ሳያይ «ዱቤ:» በሚል መጀመሩን የሚጠይቅ ኮድ እዚያ ላይ ይወድቃል።

ምትኩ ስለ ብራውዘሩ የማይነግራችሁ አንድ ነገር ገጹ ተዘግቶ ሲከፈት መረጃው መቆየቱን ነው። ለዚህ በእውነተኛ ብራውዘር አንድ አጭር ቴስት ይብቃ፦ አንድ ዱቤ መዝግቡ፣ ገጹን ዝጉ፣ ክፈቱ፣ ቀሪውን አንብቡ። አድራሻው በፖርትም ቢለያይ ማከማቻው ሌላ ስለሚሆን፣ ሁለቱን ጊዜ በአንድ ፖርት አስነሡት።